ከምስጥ አንጀት ፈንገስ አውጥቶ ማሳደግ፣ ላብ ለምትገቡ

ኩይሳ ያላየ የለም፣ ግን ውስጡ ያለው ምስጥ ገበሬ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ማክሮተርሜስ የሚባለው፣ ወለጋ በኩል ሰብልና ቤት እየበላ ያስቸገረው ወገን ማለት ነው፣ ጎጆው ውስጥ ተርሚቶማይሰስ የሚባል ፈንገስ ያመርታል፣ ዝናብ ሲጥል ኩይሳው ላይ ብቅ የሚለው የሚበላው እንጉዳይም የዚሁ ነው። ወጣት ሠራተኞቹ የፈንገሱን ነጫጭ እንክብሎች ይበላሉ፣ ስፖሩ (የፈንገሱ ዘር ማለት ነው) ሆዳቸው ውስጥ ሳይሞት ያልፍና ከኩሳቸው ጋር ወጥቶ አዲስ እርሻ ይሆናል። ስለዚህ አንጀቱ ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ነዋሪ አይደለም፣ መንገደኛም አለበት፣ ይሄን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ሚዲያውን፣ ማለት ፈንገሱ የሚያድግበትን ምግብ፣ አዘጋጁ፦ ለ1 ሊትር ውሃ የ200 ግራም ድንች ቅቅል ውሃ፣ 20 ግራም ዴክስትሮስ፣ 15 ግራም አጋር፣ ባክቴሪያ እንዳይወረው 100 ሚሊግራም ክሎራምፌኒኮል፣ ከዛ 121 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም መግደያው ማሽን)፣ ከዛ ፔትሪ ዲሾች (ክዳን ያላቸው ጠፍጣፋ ሳህኖች) ላይ አፍስሱት። ሠራተኛ ምስጥ ነው የምትፈልጉት፣ ወታደሩን ተዉት፣ ይነክሳል። 10 ያህል ወስዳችሁ በረዶ ላይ አስቀምጧቸው፣ ሲደነዝዙ 70% አልኮል ውስጥ 1 ደቂቃ፣ ከዛ አውቶክሌቭ በተደረገ ውሃ 3 ጊዜ እጠቡ።

የመጨረሻውን እጣቢ እንዳትደፉት!! እሱንም አንድ ፔትሪ ዲሽ ላይ ዘርጉት። እኔ መጀመሪያ ይሄን ዘልዬ ሳምንት ሙሉ አረንጓዴ ሻጋታ እያየሁ የአንጀት ፈንገስ አገኘሁ ብዬ ስፎክር ነበር፣ ለካ ቆዳው ላይ የነበረ አፈር ነው። የእጣቢው ዲሽ ላይ ምንም ካልበቀለ ብቻ ነው የአንጀቱን ዲሾች ማመን።

አሁን የምስጡን ደረት በአንዱ ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ያዙ፣ በሌላው የሆዱን ጫፍ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ አንጀቱ እንደ እርጥብ ክር ተስቦ ይወጣል፣ ከኋላ ወፈር ያለ ቡናማ ነው። ከተበጠሰ ጣሉትና ሌላ ያዙ፣ ምስጥ እንደሆነ አያልቅም። አንጀቶቹን 1 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ (0.85%) ውስጥ ጨፍልቁ፣ 10 እጥፍና 100 እጥፍ አቅጥኑ፣ ከእያንዳንዱ 100 ማይክሮ ሊትር ሚዲያው ላይ ዘርግታችሁ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ አቆዩ።

በ2 ወይ 3 ቀን የሚያብረቀርቅ ክሬም መሳይ ነጠብጣብ ካያችሁ እርሾ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ባክቴሪያም ሊመስል ስለሚችል ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያቆጠቁጥ እዩት። ጥጥ የሚመስለው ሻጋታ ነው፣ እሱ ሳይውጠው እርሾውን ቶሎ ወደ ሌላ ዲሽ አሻግሩ። ተርሚቶማይሰስ ራሱ ቀርፋፋ ስለሆነ በዚህ መንገድ ባታገኙት አይግረማችሁ፣ እሱን የፈለገ ከእርሻው ነጩን እንክብል ያንሳ።