የበቀል ፊልም ጽሑፍን ከቀረጻ በፊት እንዴት መፈተሽ ይቻላል

በበቀል ላይ የተመሠረተ የወንጀል ፊልም ተመልካቹን ግራ የሚያጋባው አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ሰው ይህን ለምን አደረገ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲታጣ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ለዳይሬክተር ከመስጠትዎ በፊት በቀለኛውንና ደመኛውን ለየብቻ ይዘው ምክንያታቸውን ከመነሻው ይመርምሩ። ለማሳያ የሚከተለውን ታሪክ እንያዝ። ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚኖር ገበሬ፣ የገበሬ ይዞታ በሚያሻሽጥ ደላላ ይገደላል። ደላላው ተፈርዶበት ይታሰራል፤ ከእስር ወጥቶም ሀብት ያፈራል፤ የሟች ልጅ ደግሞ ማንነቱን ደብቆ በሹፌርነት ይቀጠርለታል።

በመጀመሪያ ዓመታቱን ያስሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከባድ የሰው ግድያን በአንቀጽ 539 በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት፣ ተራ የሰው ግድያን ደግሞ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በአመክሮ መፈታት የሚቻለው የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ በዕድሜ ልክ ፍርድ ደግሞ 20 ዓመት መታሰርን ይጠይቃል። ደላላው 15 ዓመት ተፈርዶበት ከነበረ ቢያንስ 10 ዓመት ይታሰራል፤ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ የነበረውም ሲፈታ 19 ይሞላዋል ማለት ነው። ባለሀብት ለመሆን የሚፈጀውን ጊዜም ይጨምሩበት።

የታሪኩ ትልቁ ቀዳዳ ያለው ቅጥሩ ላይ ነው። ልጁ ሲቀጠር መታወቂያና መንጃ ፈቃድ ያቀርባል፤ በሁለቱም ላይ ከስሙ ቀጥሎ የሰፈረው የአባቱ፣ ማለትም ደላላው የገደለው ሰው ስም ነው። ደላላው ይህን ስም በክሱ ላይ አንብቦታል፣ በችሎትም ደጋግሞ ሰምቶታል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ ደላላው የልጁን መልክ ቢረሳ ያስኬዳል፣ ዓመታት የታሰረበትን ሰው ስም መርሳቱን ግን ማንም አይቀበልም። ነገሩን በሐሰተኛ መታወቂያ ማለፍን አልመክርም፤ ምክንያቱም ወዲያው የተያዥ ጥያቄ ይከተላል። መኪናውን የሚያስረክብ ሰው ተያዥ ሳይጠይቅ ሹፌር ቀጠረ ቢባል አያሳምንም። ታዲያ ተያዡ ማን ነው? እውነቱን ያውቃል? ነገሩ ሲበላሽ ተጠያቂ እንደሚሆን እያወቀ ለምን ፈረመ? በእኔ እምነት ፊልሙ የሚድነው እዚህ ላይ ነው። ተያዡ በችሎት ቆሞ ያየውን በፍርሃት ግማሹን ብቻ የመሰከረ ጎረቤት ቢሆን፣ ኋላም ልጁን ወስዶ በራሱ ስም አስጠርቶ ያሳደገው ቢሆን፣ የስሙም የፊርማውም ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመለሳል፤ የራሱ ጸጸት ያለው ሦስተኛ ሰውም እናገኛለን።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደግሞ ሽምግልና ነው። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ የገበሬ መንደሮች የሰው ነፍስ ሲጠፋ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻውን ደም ስለማያደርቅ ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ይገባሉ፤ በኦሮሞ ዘንድም የገዳይ ወገን ካሳ ከፍሎ የሚታረቅበት የጉማ ሥርዓት አለ። ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል ካላነሳ የአካባቢው ተመልካች «ሽማግሌ የት ሄዶ ነው?» ማለቱ አይቀርም። እናትየው ካሳውን ተቀብላ ታርቃ ከሆነ ልጁ የሚያፈርሰው የእናቱን ቃል ነው፤ ያደገውም በዚያው ካሳ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከደላላው ጋር ካለው ጠብ የከበደ ጠብ ነው። አልታረቅም ብላ ከሆነ ምክንያቷ በአንድ ትዕይንት ይታይ። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ሳይልክ ቀርቶ ከሆነም ያ ንቀት ራሱ ለበቀሉ በቂ መነሻ ነው።

ቀጥሎ «ለምን እስከ ዛሬ ቆየ?» ብለው ይጠይቁ። ደመኛውን በየቀኑ በመኪና የሚያመላልስ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሊገድለው ይችል ነበር፤ ካልገደለው ከሞቱ ሌላ የሚፈልገው ነገር መኖር አለበት። መልሱን ከአካባቢው ማግኘት ይቻላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በመሆኑም ደላላው ያዋዋለው ውል በድብቅ የተያዘ ነው፤ በውሉ ላይ ያለው የገዢው ስም ደግሞ ግድያውን ያዘዘውን ሰው ሊጠቁም ይችላል። ልጁ የሚጠብቀው ያንን ወረቀት ከሆነ መዘግየቱ ምክንያት ያገኛል።

እነዚህን ሲጨርሱ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ማን ምን እንደሚያውቅና ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀ በደብተር ላይ ይጻፉ። አንድ ሰው በአርባኛው ትዕይንት የሚያውቀውን ነገር ከየት እንደሰማው ካላገኙ እዚያ ላይ ምልክት ያድርጉ። ለገጣፎ በኦሮሚያ ክልል ሥር፣ አያት ደግሞ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር መሆናቸውንም አይዘንጉ፤ ወንጀሉ ከወሰኑ ወዲያ ተፈጽሞ መርማሪው ከወሰኑ ወዲህ ከሆነ፣ ጉዳዩ እንዴት በእጁ እንደገባ በአጭሩ ይገለጽ። የተያዘ ተጠርጣሪም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋል።

ያገኙትን ቀዳዳ በመጨረሻው ትዕይንት በሚደረግ ረጅም ንግግር ለመድፈን አይሞክሩ፤ ተመልካቹ በዚያ ሰዓት ማብራሪያ አይሰማም። ምክንያቱን ወደ ፊልሙ የመጀመሪያ ሩብ ያምጡትና በድርጊት ያሳዩት፦ ጎረቤቱ የተያዥነቱን ቅጽ ሲፈርም እጁ ይዘግይ፣ ልጁም ያንን ይይ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ጽሑፉን እስከ ግማሽ ብቻ ይስጡትና ልጁ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት፤ «መግደል» ብሎ ብቻ ከመለሰልዎ ወደ ተያዡና ወደ እናትየው ትዕይንቶች ይመለሱ።