ብቸኛ ቁጥሮችን በስድስት ዓምድ መልቀም

አንድ ተማሪ «51 ብቸኛ ቁጥር ነው» ቢለኝ አልገረምም። መልኩ ያታልላል። 57 እና 87ም ያው ናቸው፤ 91 ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን በቃል ሸምድዱ ብዬ አላውቅም። እርሳስና ባለ ካሬ ወረቀት ይዞ ራስን ችሎ ማውጣት ይሻላል።

ብቸኛ፣ ወይም ብዙዎቻችን እንደምንለው ፕራይም፣ በትክክል ሁለት አካፋዮች ያሉት ቁጥር ነው፦ 1 እና ራሱ። 1 ያለው አንድ አካፋይ ብቻ ስለሆነ ከጨዋታው ውጪ ነው። በዚህ አንከራከርም።

ዘዴው የኤራቶስቴንስ ወንፊት ይባላል። ሰውዬው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ይመራ የነበረው፣ የምድርንም ዙሪያ ያሰላው ነው። ሥራ አያልቅበትም ነበር መሰለኝ።

አብዛኛው ሰው ቁጥሮቹን አስር አስር አድርጎ ይደረድራል። እኔ ስድስት ስድስት ነው የማደርገው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ። ከ1 እስከ 120 ያሉትን በ20 ረድፍ ጻፉ። 2ን አክብቡና ከሥሩ ያለውን ዓምድ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰርዙ። 4ኛውና 6ኛው ዓምድም ሙሉ በሙሉ ይሂዱ፤ ሁሉም የ2 ብዜቶች ናቸው። 3ን አክብቡ፣ ከሥሩ ያለውን ሰርዙ። በአራት መስመር ብቻ የወረቀቱ ሁለት ሦስተኛ አለቀ! የቀሩን 1ኛውና 5ኛው ዓምድ ናቸው።

ቀጥሎ 5። ብዜቶቹ በሰያፍ ወደ ግራ ይወርዳሉ፦ 10፣ 15፣ 20፣ 25። 30 ላይ ሰያፉ ከቀኝ ጫፍ እንደገና ይነሳል። አዲስ የሚሰረዙት 25፣ 35፣ 55፣ 65፣ 85፣ 95 እና 115 ናቸው። 7 ደግሞ በተቃራኒው ወደ ቀኝ ይወርዳል። አዲስ የሚያገኘው አራት ብቻ ነው፦ 49፣ 77፣ 119 እና ያ አታላዩ 91።

እዚህ ላይ አቁሙ። እጃችሁ ወደ 11 መሄድ ያምረዋል፤ ተዉት። 22 በሉት፣ 55 በሉት፣ 110 በሉት፣ የ11 ብዜቶች በትንንሾቹ ቁጥሮች ቀድመው ተሰርዘዋል። ሳይነካ የሚቆየው የመጀመሪያው 11 × 11፣ ማለትም 121 ነው። እሱ ደግሞ ወረቀታችን ላይ የለም። አሁን ከ1 በቀር ያልተሰረዘውን ሁሉ አክብቡ።

ቆጠራው ላይ ጣታችሁን አትመኑ። እኔ በመቀነስ ነው የማረጋግጠው። ሁለቱ ዓምዶች 40 ቁጥሮች ይይዛሉ። 1ን አውጡ፣ 39። 2ን እና 3ን መልሱ፣ 41። በ5 የተሰረዙት 7፣ በ7 የተሰረዙት 4 ሲቀነሱ 30 ይቀራል። ከነዚህ 25ቱ ከ100 በታች ናቸው፤ የቀሩት አምስቱ 101፣ 103፣ 107፣ 109 እና 113።

እስከ 1,000 መሄድ ካማራችሁ እስከ 31 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሰረዝ ይበቃል፤ 37 × 37 ከ1,000 ያልፋልና። መልሱ 168 ነው። ከዚያ ከበለጠባችሁ ሳይሰረዝ ያለፈ አለ፤ እንደ 13 × 17 = 221 ያሉትን መጀመሪያ ፈትሹ። ካነሰባችሁ ደግሞ የሆነ ሰያፍ ላይ በአንድ ሳጥን ተንሸራታችሁ ብቸኛ ቁጥር ሰርዛችኋል፤ ብዜቶቹን እየደመራችሁ ያንኑ መስመር እንደገና ተከተሉ።