የእንግሊዝኛ ግስን ከነተከታዩ እንዴት እንልመድ?

እንግሊዝኛ ሲናገሩ ብዙዎች የሚደነቃቀፉት ቃል ጠፍቷቸው አይደለም። «ዋንት» መፈለግ፣ «ኢንጆይ» መደሰት እንደሆነ ያውቃሉ። ችግሩ ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ላይ ነው። እኛ «መሄድ እፈልጋለሁ» እንላለን፤ «ማንበብ ያስደስተኛል» ስንልም ያው «መ» ትበቃናለች። እንግሊዝኛ ግን አንዱን «አይ ዋንት ቱ ጎ»፣ ሌላውን «አይ ኢንጆይ ሪዲንግ» ይለዋል። ስለዚህ ግሱን ለብቻው መሸምደድ ብዙም አያዋጣም።

ሥራው ከደብተር ይጀምራል። «ዲሳይድ፦ መወሰን» ብላችሁ አትጻፉ። «አይ ዲሳይድድ ቱ ስቴይ፦ ለመቆየት ወሰንኩ» ብላችሁ ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና እናንተ ራሳችሁ የምትናገሩት ዓይነት ይሁን።

ቀጥሎ ግሶቹን በሁለት ጎራ ክፈሉ። ዋንት፣ ሆፕ፣ ፕላን፣ ዲሳይድ፣ ፕሮሚስ እና ሪፊውዝ «ቱ» ያስከትላሉ። ኢንጆይ፣ ፊኒሽ፣ አቮይድ፣ ማይንድ እና ኪፕ ደግሞ «ኢንግ» ይፈልጋሉ። «ስታርት» ሁለቱንም ይቀበላል፤ እሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣ ግስ ግን «ኢንግ» ነው፤ «ዊዛውት አስኪንግ» እንደሚባለው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲዪንግ ዩ» ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ይሄኛው «ቱ» መስተዋድድ ነው። ከኋላው ስም አስገብታችሁ ፈትኑት፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሚቲንግ» ያስኬዳል። ስም ከተቀበለ፣ ግስ ሲመጣም «ኢንግ» ይዞ ይመጣል።

አሁን መሀል ላይ ሰው አስገቡ። «እንድመጣ ይፈልጋል» ለማለት ስንሞክር «ሂ ዋንትስ ዛት አይ ካም» ይቀናናል። ትክክለኛው «ሂ ዋንትስ ሚ ቱ ካም» ነው። የሚመጣው ሰው እኔ ብሆንም፣ እንግሊዝኛው ለ«ዋንት» ተሳቢ አድርጎ ያስቀምጠኛል። «አይ» ቀርቶ «ሚ» የሆነው ለዚህ ነው። አስክ፣ ቴል፣ አድቫይስ እና አላው በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ሜክ» እና «ሌት» ግን «ቱ» አይወዱም፦ «ዘይ ሜድ ሚ ዌት»፣ «ሌት ሂም ስፒክ»።

እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን በተለይ የሚያስቸግሩን ሁለት ግሶች አሉ። አንዱ «ኤክስፕሌን» ነው። «አስረዳኝ» ስንል «ኝ» ከግሱ ጋር ስለተጣበቀች «ኤክስፕሌን ሚ» ሳናስበው ያመልጠናል። «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» በሉ። ሁለተኛው «ሰጀስት» ነው። «ሂ ሰጀስትድ ሚ ቱ ጎ» ስህተት ነው፤ «ሂ ሰጀስትድ ዛት አይ ጎ» ይባላል። «ዋንት» ላይ የከለከልነው «ዛት» እዚህ ትክክል ሆኖ አረፈው! ትርጉማቸው ቢቀራረብም እያንዳንዱ ግስ የራሱ አመል አለው። አመሉን የሚነግራችሁ ለተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ከባልደረቦቹ ጋር ያሰናዳውና በ1942 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ የታተመው መዝገበ ቃላት፣ የግሶችን አገባብ በ25 ቅጦች ከፍሎ ያሳይ ነበር። ዛሬም የተማሪ መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ፍቺውን አይታችሁ ብቻ አትዝጉ፤ ምሳሌዎቹን አንብቡ።

ከዚያ ተከታያቸው ሲቀየር ትርጉማቸው ወደሚቀየር ግሶች እለፉ። «ሺ ስቶፕድ ቶኪንግ» ማውራቷን አቆመች ነው። «ሺ ስቶፕድ ቱ ቶክ» ደግሞ ለማውራት ቆም አለች። «አይ ሪመምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ስትሉ በሩን መቆለፋችሁ ትዝ ይላችኋል። «ሪመምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ከተባላችሁ ግን በሩ ገና አልተቆለፈም። እነዚህን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ልዩነቱ ጆሮ ላይ የሚቀረው እንደዚያ ነው።

በመጨረሻ የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር አገላብጡት። ወደ ኃላፊ ጊዜ ስትወስዱት የሚለወጠው የመጀመሪያው ግስ ብቻ ነው፦ «አይ ዋንትድ ቱ ጎ» እንጂ «ቱ ዌንት» አይባልም። አሉታ ስታደርጉት ደግሞ «ኖት» የት እንደምትገባ ተጠንቀቁ። «አይ ዲድ ኖት ዲሳይድ ቱ ጎ» ለመሄድ አልወሰንኩም ማለት ነው። «አይ ዲሳይድድ ኖት ቱ ጎ» ካላችሁ ግን ወስናችኋል፤ አትሄዱም።