አንባቢዎን ወደ የትኛው ጦማር ይልካሉ? የማስፈንጠሪያ አመራረጥ

ባለፈው ክረምት ጡረታ የወጡ አንድ የታሪክ መምህር ከደሴው ሆጤ ሰፈር ደወሉልኝ። በድምፃቸው ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ቅሬታ ነበር። «ልጄ፣ ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ያንብቡ ብለህ የላክኸኝ ቤት ቁማር ቤት ሆኖ አገኘሁት» አሉኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ አየሁ፤ እውነታቸውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጦማሬ ላይ ያስቀመጥሁት ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ስለ ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ወደሚተርክ ጥሩ ጽሑፍ ይወስድ ነበር። ባለቤቱ የድረ ገጹን ስም ሳያሳድስ ቀርቶ ሌላ ሰው ገዝቶታል፤ ገጹም በውርርድ ማስታወቂያ ተሞልቷል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስፈንጠሪያን የማየው እንደ ዋስትና ነው። ከኮምቦልቻ የሃረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ እንግዳ መንገድ ሲጠይቀን ወደማናውቀው ቤት አንልከውም። ደሴ ላይ ተቀምጬ ስለ ከተማዬ ስጽፍ የተማርሁትን አመራረጥ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ የማይጽፉትን ይለዩ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና አንባቢዎች የሚጠይቁዎትን፣ እርስዎ ግን የማይመልሱትን ጥያቄ ይዘርዝሩ። እኔ የምጽፈው ስለ ደሴ ሰፈሮችና የድሮ ቤቶች ነው። አንባቢዎቼ ግን ስለ ባቲና አምባሰል ቅኝት፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ስለ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ይጠይቁኛል። በእነዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ማስፈንጠሪያ የሚያስፈልገውም እዚያ ላይ ነው። ጓደኛ ስለሆነ ብቻ የሚጨመር ጦማር ይህን ክፍተት አይሞላም።

ከዚያ ከራስዎ ንባብ ይሰብስቡ

ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ማንም ሳይልክልዎ በራስዎ ፍላጎት ተመልሰው የከፈቷቸውን ገጾች ይመዝግቡ። «አንተ እኔን አስገባ፣ እኔም አንተን አስገባለሁ» ከሚል ልውውጥ መጀመር አልወድም፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር አንባቢን ሳይሆን ጸሐፊዎቹን የሚያገለግል ነው።

አሁን ይፈትኗቸው

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። ከእያንዳንዱ ጦማር ቢያንስ ሦስት ጽሑፍ ያንብቡ፦ አንድ አሮጌ፣ አንድ አዲስ፣ አንድ ደግሞ እርስዎ ጠንቅቀው ስለሚያውቁት ጉዳይ የተጻፈ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በሚያውቁት ነገር ላይ ግድየለሽ የሆነ ሰው በማያውቁት ላይ ይጠነቀቃል ብለው ማመን የለብዎትም።

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት ቀን ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ ውስጥ እያሉ የተፈጸመው ይህ ድብደባ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ 6 ቀን 1935። አንዳንዱ ጸሐፊ ከውጭ መጽሐፍ ቀድቶ 1935 ይልና «ዓ.ም.» ብቻ ጨምሮ ይተወዋል። አንባቢው በእኛ አቆጣጠር ከቆጠረው ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ደሴ ተደበደበች ማለት ይሆናል። የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀመ የሚናገር ጸሐፊ ካገኙ ይያዙት።

ሁለተኛው መፈተኛ የማይጨበጥን ነገር እንዴት እንደሚያወራ ነው። አፄ ዮሐንስ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ» ብለው ሰየሙት ይባላል። ጥሩ ጸሐፊ «ይባላል» የሚለውን ቃል አይዘልም፤ ከማን እንደሰማ ወይም የት እንዳነበበም ይነግረናል። ፎቶግራፍ ላይም እንዲሁ ነው፦ የራሱ ያልሆነን ምስል ሲያወጣ የአንሺውን ስም ይጽፋል ወይስ ጠርዙን ቆርጦ ይለጥፈዋል?

ሦስተኛው ይከብደኛል፤ ግን አላልፈውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በየገጹ የተጻፈውን ወደ ኋላ ተመልሰው ያንብቡ። ሰው ዘመዱን ፍለጋ ስልክ ላይ ተጣብቆ በሚያድርበት ሰዓት ያልተጣራ ወሬ የለጠፉ ነበሩ። በጭንቀት መካከል መሳሳት ይደርሳል፤ እኔ የምመለከተው በኋላ ማረሙን ነው። ስህተቱን በግልጽ አርሞ የጻፈ ሰው ዝርዝሬ ውስጥ ቦታ አለው። ዝም ብሎ ያጠፋው ግን የለውም። ሰውን በማንነቱ የሚሳደብ ገጽ ደግሞ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር አላስገባውም።

ከእርስዎ የተለየ አቋም ያለውን ግን አይሽሹ። በከተማዋ የድሮ ቤቶች ጉዳይ ከእኔ ጋር ፈጽሞ የማይስማማ አንድ ጸሐፊ ዝርዝሬ ውስጥ አለ፤ ማስረጃውን ስለሚያሳይ ከእሱ ብዙ ተምሬያለሁ።

በስልክ ይክፈቱት

አብዛኛው አንባቢ የሚያነበው በሞባይል ዳታ ነው። ከመወሰንዎ በፊት ማታ በስልክዎ ይሞክሩት። ሳይነኩት ቪዲዮ የሚያጫውት ገጽ የሰውን ጥቅል ይበላል። አማርኛውም ይነበብ እንደሆነ ይዩ፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ገጾች ዛሬ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ።

ገንዘብ ከመጣ

አንባቢ ሲበዛ «ይህን ያህል ልክፈልህና ገጼን አስገባልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጎግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ገጾችን የሚመዝነው በከፊል ማን ወደ እነሱ እንደሚያመለክት በማየት ነው። የእርስዎ ማስፈንጠሪያ እንደ ድምፅ ይቆጠራል፤ የሚሸጥ ድምፅ ገዢ አያጣም። የእኔ ምክር እምቢ ማለት ነው። የተከፈለበት ማስታወቂያ ካስገቡ ግን ማስታወቂያ መሆኑን በአማርኛ በግልጽ ይጻፉ፤ በኮዱ ውስጥም «ስፖንሰርድ» (sponsored) የሚለውን ምልክት ያክሉ። ሊነቅፉት ወደሚያመለክቱት ገጽ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ ያለው «ኖፎሎው» (nofollow) የሚለው ምልክት ይሆናል፤ ለጎግል «በዚህ ሰው ዋስ አይደለሁም» እንደማለት ነው።

አቀማመጡ

ጥቂት ይሁኑ። የእኔ ሰባት ናቸው፤ አርባ በነበሩ ጊዜ ማንም አይከፍታቸውም ነበር። ከእያንዳንዱ አጠገብ ለምን እንደመረጡት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ያንን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ጦማሩን ያውጡት። «እዚህ ይጫኑ» ከማለት «የቦርከና ወንዝ የድሮ ድልድዮች» ማለት ይሻላል። አንድ ጽሑፍ ብቻ ከወደዱም ወደ መግቢያው ገጽ ሳይሆን በቀጥታ ወደዚያው ጽሑፍ ያመልክቱ። ጸሐፊው መጻፍ ካቆመ ዓመታት ቢቆጠሩ እንኳ ጥሩ ጽሑፍ ጥሩ ነው።

ለሁሉም ክፍት ወደሆነ ገጽ ለማመልከት ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። ሆኖም ለጥቂት ወዳጆቹ ብቻ ስለ ሐዘኑ ወይም ስለ ቤተሰቡ የሚጽፍ ሰው ካለ አስቀድመው ይጻፉለት። ድንገት የሚጎርፍ እንግዳ ሁሉንም ሰው አያስደስትም።

ፍተሻ

በየሦስት ወሩ ሁሉንም ማስፈንጠሪያ አንድ በአንድ ይጫኑ። እኔ የምሠራው በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው፤ ከቡና ጋር ከአቦል እስከ በረካ ያልቃል። ማስፈንጠሪያውን ባስቀመጡበት ቀን ደግሞ የጽሑፉን ቅጂ በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ያስቀምጡ፤ ነፃ ነው፣ የገጹን አድራሻ ማስገባት ብቻ ይጠይቃል። ገጹ ቢጠፋ አንባቢዎን ወደ ቅጂው ይልካሉ።

መምህሩ ያጡትንም ጽሑፍ ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ነው። ሌላ ሰው ቀደም ብሎ ቅጂውን አስቀምጦት ነበር። ማስፈንጠሪያውን ቀይሬ ከሥሩ የቀየርሁበትን ቀንና ምክንያት ጻፍሁ፤ ከዚያም ወደ ሆጤ ደወልሁ።