የኋላ በር እምቢ ሲል፦ የኤሌክትሪክ መኪናችሁን በር ራሳችሁ እንዴት እንደምትፈትሹና እንደምትጠግኑ

ድሬዳዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከዚራም ሳቢያንም ድምፅ አልባ መኪኖች ይርመሰመሳሉ። ብዙዎቹ በተን ሲጫኑት ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ የኋላ በር አላቸው። ከድሬው ታይዋን ገበያ ሁለት እጃችሁን ዕቃ ይዛችሁ ስትመጡ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ይላል።

እምቢ ያለ ቀን ግን ያው ከባድ ብረት ነው። ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ሊዘጋ ደርሶ ተመልሶ ይከፈታል። ወይም ጢጥ ጢጥ ብሎ ዝም ይላል። ጋራዥ ሲወሰድ የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ ብዙ ጊዜ «ሞተሩ ሄዷል፣ ከዱባይ ይምጣ» ነው። እኔ ሞተር መጠርጠር ያለበት በመጨረሻ ነው ባይ ነኝ። ከሱ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም።

ከመጀመራችሁ በፊት

የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነ ብቻ በሩን ለመንካት የሚፈራ ሰው አለ። የኋላ በሩ የሚሰራው እንደ ማንኛውም መኪና በ12 ቮልት ነው። የሚገድለው ሌላው ነው፤ መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ። የሱ ገመዶች ብርቱካናማ ናቸው። ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ለዚህ ሥራ እነሱን የምትነኩበት ምንም ምክንያት የለም።

ከኮረንቲው ይልቅ የሚያሰጋው የበሩ ክብደት ነው። የደገፈውን ዘንግ የምትፈቱ ከሆነ በጠንካራ እንጨት አስደግፉት፣ ሰውም ይያዝላችሁ። ልጆች በአካባቢው አይኑሩ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ የስልክ መብራት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ጨርቅ ይበቃል። የውስጥ ፕላስቲኩን በብረት ካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ ይቧጨራል፣ መያዣዎቹም ይሰበራሉ። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ፈልጉ።

1. የትኛው በተን ነው እምቢ ያለው?

በሩን የሚያዝዘው አንድ በተን አይደለም። ሪሞቱ ላይ አለ፣ ሹፌሩ ጋ አለ፣ ከውጭ ከታርጋው በላይ አለ፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ጠርዙ ላይ አለ። ሁሉንም ሞክሩ።

በአንዱ እንኳ ከሰራ ሞተሩ ደህና ነው። በሪሞት ካልሆነና ሹፌሩ ጋ ባለው ከሰራ፣ የሪሞቱን ትንሽ ባትሪ ቀይሩ። ከውጭ ያለው ብቻ ከሆነ እምቢ ያለው፣ ከላስቲኩ ሥር ያለችው ትንሿ ማብሪያ ውሃ ወይም አቧራ ገብቶባታል። በየትኛውም ካልሰራ ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. ትንሹን ባትሪ ለኩ

«ቻርጅ 80 ፐርሰንት ነው፣ ባትሪ ሊሆን አይችልም» የሚል ሰው ሁለቱን ባትሪዎች እያደባለቀ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ትልቁን ነው። ለበሩ፣ ለመብራቱና ለኮምፒውተሮቹ የሚሰራው ግን ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ሲደክም በሩ ከሌላው ቀድሞ ያኮርፋል፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ብዙ ኮረንቲ ይስባል። ሙቀት ደግሞ የዚህን ባትሪ ዕድሜ ያሳጥራል። ስለ ድሬ ሙቀት ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

መኪናው ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጉ። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ጤነኛ ሲሆን 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ በግማሽ ወርዷል። አንዳንድ የቻይና መኪኖች፣ በተለይ ቢዋይዲ፣ ትንሹም ባትሪያቸው ሊቲየም ነው፤ እሱ ሲሞላ 13.2 ገደማ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቴስተሩ እንደተያያዘ አንድ ሰው የበሩን በተን ይጫን። ቁጥሩ ዘጭ ብሎ ከ11 በታች ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

መኪናውን አስነስታችሁ ለመሄድ ዝግጁ ሲሆን ሞክሩት። ያኔ ትንሹ ባትሪ ከትልቁ እየተሞላ ነው፣ ቮልቱም 14 አካባቢ ይሆናል። መኪናው ሲነሳ የሚሰራ፣ ሲጠፋ የማይሰራ በር የባትሪ ችግር ነው።

እግረ መንገዳችሁን የበሩን ፊውዝ እዩ። ቦታው በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተስሏል። የተቃጠለውን በዚያው አምፔር ቀይሩት። ሽቦ ጠምዝዞ በፊውዝ ምትክ መክተት የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት። መኪና ያቃጥላል።

3. መኪናው ታዝዞ ይሆናል

ማርሹ ፒ ላይ ነው? ካልሆነ ብዙዎቹ አይከፈቱም። ስክሪኑ ውስጥ የኤሌክትሪክ በሩን ማጥፊያ አለ፤ ልጅ ሲነካካ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ የስልካችሁን ካሜራ የሚተረጉም አፕ ከፍታችሁ ያዙበት። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ይረዳል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸወድበት። በሩ የት ድረስ መከፈት እንዳለበት ማስታወስ ይችላል። ቆርቆሮው ዝቅ ያለ በረንዳ ሥር ለሚያቆም ሰው የተሰራ ነገር ነው። ጠርዙ ላይ ያለውን በተን በሩ ግማሽ ላይ ሳለ ለረጅም ጊዜ የተጫነ ሰው ካለ፣ ከዚያ ወዲህ በሩ ከግማሽ አያልፍም። መለያው ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ማስታወሻው ነው። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከቆመ ሌላ ችግር ነው። ለማስተካከል በሩን በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ግፉትና ጠርዙ ላይ ያለውን በተን ጢጥ እስኪል ያዙት። ብዙ መኪኖች ላይ 3 ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

ልጆች ለጨዋታ እየደጋገሙ ከፍተው ዘግተውትም ከሆነ ራሱን ከግለት ለመጠበቅ ያቆማል። ጥላ ሥር አድርጉትና ሩብ ሰዓት ተዉት። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው መኪና ከሆነ ትንሽ ጨምሩለት።

4. ሊዘጋ ሲል ተመልሶ የሚከፈት ከሆነ

ይህ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በሩ የሰው ጣት ወይም ጭንቅላት ያገኘ ሲመስለው ይመለሳል። ለቁልቢ ጉዞ እስከ አፉ የታጨቀ መኪና ከሆነ የሚነካውን ዕቃ ወደ ውስጥ ግፉት። ከዚያ በበሩ ግራና ቀኝ ጠርዝ የተለጠፈውን ቀጭን ላስቲክ እዩ። ንክኪ የሚያውቀው እሱ ነው። ከተቀደደ ወይም ከተላቀቀ ሳይነካ ተነካሁ ይላል። ዙሪያውን ያለው ትልቁ ላስቲክም ከቦታው ወጥቶ ተጣጥፎ ይሆናል።

ቀጥሎ ሰራቱራው፣ ማለትም የበሩ መቆለፊያ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የማይገባበት የለም። በብሩሽ ጥረጉት፣ በጨርቅ አጽዱት፣ በጣም ትንሽ ነጭ ግራሶ ቀቡት። ብዙ ቀብቶ መተው ስህተት ነው፤ ግራሶና አቧራ ሲገናኙ ብረት የሚበላ ጭቃ ይሆናሉ። ላስቲኮቹን ግራሶ አታስነኳቸው። ለነሱ ሲሊኮን ስፕሬይ ነው የሚሆነው።

ሰራቱራው መስራቱን ለማወቅ በሩ ተከፍቶ እያለ ምላሱን በካቻቢቴ ግፉት። ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ይላል። አሁን የመክፈቻውን በተን ተጫኑ። ምላሱ ተፈትልኮ ከተመለሰ ደህና ነው። ምላሱን ሳትመልሱ በሩን እንዳትዘጉት። የተቆለፈ ሰራቱራ ከታች ካለው ብረት ጋር ሲጋጭ አዲስ ወጪ ነው።

በሩ ጭራሽ ተዘግቶ ከቀረስ? የኋላ ወንበሩን አጥፉና ወደ ውስጥ ግቡ። በብዙ መኪኖች የበሩ ውስጠኛ ፕላስቲክ ላይ ትንሽ ክዳን አለ። ከሥሯ ያለችውን ማንሻ በካቻቢቴ ስትገፉ ይከፈታል።

5. በበሩ ማጠፊያ ጎማ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም «ሞተር ነው» የተባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው የሚገኘው። በሩን ክፈቱና ከላይ ማጠፊያው አጠገብ እዩ። ከጣሪያው ወደ በሩ የሚሻገር፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር ጎማ አለ። የበሩ ሽቦዎች በሙሉ የሚያልፉት በሱ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እነዚህ ሽቦዎች ይታጠፋሉ። ሙቀትና አቧራ ልባሳቸውን ያደርቁታል። ከጊዜ በኋላ አንዱ ይበጠሳል።

ምልክቱ በሩ ብቻ አለመሆኑ ነው። የታርጋው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ የኋላ ካሜራው ይጠፋል፣ የኋላው ዝናብ መጥረጊያ ሲፈልግ ይሰራል ሲፈልግ ይተዋል። በሩን ከፍ ዝቅ ስታደርጉ ከተቀያየረ ብዙ አትፈላሰፉ፤ ጎማውን ክፈቱ።

መጀመሪያ የፊት ኮፈኑ ክፍት ይሁን፣ ሪሞቱም ኪሳችሁ ይግባ። ከዚያ የትንሹን ባትሪ ኔጌቲቭ ፍቱ። የጎማውን ሁለት ጫፎች ከቦታቸው አላቅቁና ወደ አንድ ወገን ሰብስቡት። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ሳብ ሳብ አድርጉ። ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ምክንያቱም የያዘው ልባሱ ብቻ ነው። የተሰነጠቀውንም ቁጠሩት፤ ዛሬ ባይበጠስ ነገ ይበጠሳል።

አጠጋገኑ እንዲህ ነው። የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች ዝም ብላችሁ አታገናኙ፤ ያጥርና ሲታጠፍ እንደገና ይበጠሳል። መሀል ላይ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው፣ በቀጫጭን ክሮች የተሰራ ለስላሳ ሽቦ ጨምሩ። መገጣጠሚያው ከጎማው ውጭ እንዲውል አስረዝሙት። የተበየደ ቦታ ግትር ስለሆነ የሚታጠፍበት ላይ መዋል የለበትም። የሁሉም መገጣጠሚያ አንድ ቦታ ላይ አይከመር፣ እያፈራረቃችሁ አድርጉት። አንዱን ቆርጣችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትቁረጡ፤ ቀለማቸው ተመሳሳይ የሆኑ አሉና ትደነጋገራላችሁ። ከመጀመሪያው ፎቶ ማንሳትም አይከፋም።

ለመሸፈኛ ናስትሮ አልመክርም። በዚህ ሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጥና ይላቀቃል። በእሳት ሲሞቅ የሚኮማተረውን ቱቦ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጮች ጠይቁ። የካሜራው ገመድ ወፍራምና የተለየ ነው፤ እሱን ባትቆርጡት ይሻላል፣ ለባለሙያ ተዉት። ሲጨርሱ የጎማው ጫፎች በደንብ ቦታቸው መግባታቸውን እዩ፤ አለዚያ ዝናብ በዚያ ይገባል።

6. ደጋፊ ዘንጎቹና ሞተሩ

በሩን ግራና ቀኝ የሚደግፉት ሁለት ዘንጎች ናቸው። በአንዳንዱ መኪና ሁለቱም ውስጥ ሞተር አለ፣ በአንዳንዱ አንዱ ላይ ብቻ። ሽቦ የሚገባበት ሞተር ያለው ነው።

የኤሌክትሪክ በሩን ከስክሪኑ አጥፍታችሁ በእጃችሁ ግማሽ ላይ አቁሙት። ወዲያው ከወደቀ በዘንጉ ውስጥ ያለው ሞላ ወይም ጋዝ ደክሟል። ሞተሩ የሚያቆመው ክብደቱን መሸከም ስላልቻለ እንጂ ስለተቃጠለ አይደለም። ዘይት የሚያንጠባጥብ ወይም የሚንቋቋ ዘንግም የሚቀየር ነው።

ሞተሩን ለመክሰስ ማስረጃ ያዙ። የዘንጉን ሶኬት ንቀሉ። ውስጡ ሁለት ወፋፍራም ሽቦዎችና ጥቂት ቀጫጭኖች አሉ። ወፍራሞቹ የሞተሩ ናቸው፣ ቀጫጭኖቹ በሩ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ ይናገራሉ። ሶኬቱን መልሱና ከጀርባው ወፍራሞቹ ላይ ቴስተር አድርጉ፣ ሰው በተን ይጫን። 12 ቮልት ከደረሰውና ዝም ካለ ሞተሩ ሞቷል። ካልደረሰው ችግሩ ከሱ በፊት ነው። ጥቂት ሄዶ ቀጥ የሚል ከሆነ ቀጫጭኖቹን ጠርጥሩ።

ለመቀየር በሩን አስደግፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን የሽቦ ቅንጥብ በትንሽ ካቻቢቴ ከፍ አድርጋችሁ ዘንጉን ወደ ውጭ ሳቡት። ይላቀቃል። ዘንጉን ራሱን ግን ለመፍታት አትሞክሩ። ውስጡ በኃይል የታመቀ ሞላ አለ፣ ሲፈናጠር ሰው ይጎዳል። አዲስ ስታዙ ዘንጉ ላይ የተለጠፈውን ቁጥርና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። «የአይዲ 4 የኋላ ዘንግ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ግራና ቀኙ እንኳ ይለያያል።

7. የእግር ሴንሰሩ

በእግር ሲመቱት የሚከፈት ካላችሁና እምቢ ካለ፣ ከፓራውልቱ ሥር ያለውን ጭቃ አጽዱ። ሪሞቱ ኪሳችሁ ይሁን፣ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ላኩና ቶሎ መልሱ። ወደ ጎን መወዝወዝ አይሰራም። መኪና ስታሳጥቡ ሪሞቱን ራቅ አድርጉት፤ ውሃውን እግር መስሎት ይከፈታል።

8. እንደገና አስተምሩት

ባትሪ ከተፈታ ወይም ዘንግ ከተቀየረ በሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚጨርስ ይረሳል። ብዙውን ጊዜ በእጅ ሙሉ በሙሉ መዝጋት፣ ከዚያ በበተን አንዴ እስከ መጨረሻው ከፍቶ መዝጋት ይበቃዋል። መንገዱ በየሞዴሉ ስለሚለያይ የመኪናውን መመሪያ እዩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሰራ በኮምፒውተር ይታይ። ኤሌክትሪሺያኑ ኮዶቹን ከማጥፋቱ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ከዚያም «ሞተር ነው» ካላችሁ በትህትና እነዚያ ሁለት ወፍራም ሽቦዎች ላይ ቴስተር አድርጎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።