ከልጆች ጋር ወጣ ስትሉ አጭር ይሁን፣ ግን ቶሎ ቶሎ

ብዙ ወላጅ ከልጆቹ ጋር ደስ የሚል ቀን ለማሳለፍ የዓመት ፈቃዱን ይጠብቃል። ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ሩቅ ቦታ ይመርጣል፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ አንዱ አልቅሶ፣ አንዱ አኩርፎ፣ ሁሉም ደክሞት ወደ ቤት ይመለሳል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። አጭር ይሁን፣ ቅርብ ይሁን፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ መመለስ በዓመት አንዴ ከሚደረግ ትልቅ ሽርሽር ይበልጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ትንሽ ልጅ የለመደውን ነገር ይወዳል፤ እናንተን የሰለቻችሁ ሜዳ እሱን ገና አልሰለቸውም።

ከቦታው በፊት ሰዓቱን ምረጡ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። የመተኛ ሰዓቱ ላይ ይዛችሁት ከወጣችሁ የትም ብትወስዱት ይነጫነጫል፣ ጥፋቱም የሱ አይደለም። ረሃብም እንደዚያው ነው። በልቶ፣ ተኝቶ፣ ከዚያ ይውጣ። ፀሐይ እኩለ ቀን አካባቢ በጣም ስለምትበረታ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ መውጣት ይሻላል።

ቦርሳ ውስጥ ውሃ፣ የሚቀመስ ነገር፣ ሶፍት፣ ቅያሪ ልብስና የቆሸሸውን መያዣ ፌስታል ይበቃል። ቅያሪ ልብሱን አትርሱ፤ እሱ ካለ ልጁ ጭቃ ሲነካ አትደነግጡም፣ እናንተ ካልደነገጣችሁ ደግሞ እሱ በነፃነት ይጫወታል።

አሁን ዋናው ነገር፦ አትቸኩሉ። እኛ ትልልቆቹ የምንወጣው አንድ ቦታ ለመድረስ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ግን መንገዱ ራሱ ጨዋታ ነው። አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ድንጋይ ያነሳል፣ አጥር ላይ ይንጠለጠላል። «ና እንጂ፣ ረፈደ!» እያላችሁ ከጎተታችሁት ሁለታችሁም ትናደዳላችሁ። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት መንገድ አንድ ሰዓት መድቡና እሱ ሲቆም አብራችሁ ቁሙ። የጉንዳን ሰልፍ ካያችሁ ቁጢጥ በሉ። ጉንዳኖቹ የፊተኞቹ መሬት ላይ የተዉትን ሽታ ተከትለው ነው የሚሄዱት፤ ሰልፉ የሚያልፍበትን አፈር በስንጥር ቀስ አድርጋችሁ ብታጠፉት ግር ብሏቸው ወዲህ ወዲያ ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ መንገዳቸውን መልሰው ያገኙታል። ይህን አብራችሁ ስታዩ የልጁን ፊት ተመልከቱ። ሌላ ቀን ደግሞ ጠዋት በጠመኔ ጥላውን መሬት ላይ ሳሉለት፣ ከዚያ እኩለ ቀን ሲቃረብ እዚያው ቦታ አቁሙትና እንደገና ሳሉ። «ማን አሳጠረኝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ያኔ ስለ ፀሐይ ማውራት ትችላላችሁ።

ዝናብ ከሆነም ጨዋታ አለ። ነጎድጓድ የሚፈራ ልጅ ካላችሁ ቤት ውስጥ ሆናችሁ መብረቁ ብልጭ ሲል አብራችሁ መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በየ3 ሰከንዱ ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘጠኝ ቆጥራችሁ ድምፁ ከመጣ መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ቆጠራው ሥራ ይሆንለትና ፍርሃቱን ይረሳል።

በአዘቦት ቀን፣ ሥራ በበዛበት ሰዓትስ? የቤት ሥራውን አካፍሉት። የሦስት ዓመት ልጅ ካልሲ ያዛምዳል፣ አበባ ውሃ ያጠጣል፣ ማንኪያ ይደረድራል። አዎ፣ ብቻችሁን ብትሠሩት ቶሎ ያልቃል፤ እሱ ግን ከእናንተ ጋር መሥራቱን ከጨዋታ ለይቶ አያየውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ስክሪን ላይ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ ይመክራል። 180 ደቂቃ ብዙ ይመስላል፣ ግን በአንዴ መሆን የለበትም፤ ሳሎን ውስጥ መደነስም፣ መሯሯጥም ይቆጠራል።

ሁልጊዜ እናንተ ማጫወት አለባችሁ ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። ከደከማችሁ እሱን እያያችሁ ቁጭ በሉ። ስልኩን ግን ኪስ ውስጥ ክተቱት። አንድ ሁለት ፎቶ አንሱና ይበቃል፤ ልጅ ከሸርተቴው ላይ ዞር ብሎ ሲያያችሁ የሚፈልገው ዓይናችሁን ነው።

ከፍ ያለ ልጅ ኃላፊነት ይወዳል። መንገዱን እሱ ይምራ፣ ሰዓቱን እሷ ትጠብቅ። ጎረምሳ ከሆነ ጥያቄ አታብዙበት፤ ጎን ለጎን ዝም ብላችሁ ስትራመዱ ብዙ ጊዜ ራሱ ያወራችኋል።

ብዙ ጊዜ ፀብ የሚነሳው መመለሻው ላይ ነው። «አምስት ደቂቃ ቀረህ» ማለት ሰዓት ለማያውቅ ልጅ ምንም አይነግረውም። «ሁለቴ ተንሸራተትና እንሄዳለን» በሉት፣ ሁለቴ ካለቀ በኋላም ቃላችሁን ጠብቁ። ሦስተኛውን አንዴ ከፈቀዳችሁ በሚቀጥለውም ይለምናችኋል። ጨዋታው ገና ሳይሰለቸው ብትነሱ ይሻላል፣ ደክሞት ማልቀስ እስኪጀምር አትጠብቁ። ካለቀሰም መንገድ ላይ አትቆጡት፣ እቀፉትና ሂዱ። ማታ ሲረጋጋ የሚቀጥለውን ቦታ ከሁለት ምርጫ አንዱን እሱ ራሱ ይምረጥ።