ለሳንባ ካንሰር ጨረር ሲወስዱ ልብዎን እንዴት ልብ ይላሉ?

አንድ ሰው ለሳንባ ካንሰር ጨረር ሊጀምር ነው ሲባል ቤተሰብ የሚጠይቀው ይታወቃል። ያማል ወይ? ጸጉር ይረግፋል ወይ? (ጨረሩ ሲሰጥ አያምም። ደረት ላይ የሚሰጥ ጨረርም የራስ ጸጉር አያረግፍም፤ አብሮ የሚሰጥ ኬሞ ግን ሊያረግፍ ይችላል።) ስለ ልብ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም የለም። ልብና ሳንባ ደግሞ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። ወደ አንዱ የተላከ ጨረር ሌላውን ሊነካ ይችላል።

ጨረር የልብን ሽፋን ሊያስቆጣ፣ የልብ ደም ስሮችን ሊያጠብ፣ ምቱን ሊያዛባ፣ ቆይቶም ቫልቮቹንና ጡንቻውን ሊያደነድን ይችላል። ይሄ ሁሉ በሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም። ፈርቶ ሕክምናውን መተው ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ካንሰሩ ጊዜ አይሰጥም። ሥራው ልብ ላይ የሚያርፈውን መጠን መቀነስ ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ደግሞ የመጀመሪያው ጨረር ከመለቀቁ በፊት ነው።

1. ከመጀመሪያው ቀን በፊት ልብዎን ያስመርምሩ

ሲጋራ የሚጎዳው ሳንባን ብቻ አይደለም፤ የልብ ደም ስሮችንም ያጠባል። ስለዚህ ብዙ የሳንባ ካንሰር ታካሚ ጨረር ክፍል የሚገባው ቀድሞውኑ የተነካ ልብ ይዞ ነው። አንዳንዱ ይሄን አያውቅም።

ለጨረር ሐኪምዎ ያለዎትን ሁሉ ይንገሩ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ያለፈ ሃርት አታክ፣ የጠበበ የልብ ደም ስር ለመክፈት የገባልዎት ቱቦ (ስቴንት)፣ ከዚህ በፊት ደረትዎ ላይ የወሰዱት ጨረር ካለ እሱንም። የሚወስዱትን መድኃኒት በቃል ለማስታወስ አይታገሉ። እሽጎቹን በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ፔስሜከር ወይም የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ ደረትዎ ውስጥ ካለ ደግሞ ገና በር ላይ እያሉ ይናገሩ። ጨረር መሣሪያውን ሊያዛባው ስለሚችል ከሕክምናው በፊትም፣ በመሃልም፣ በኋላም መፈተሽ አለበት።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ደም ግፊት መለካት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ደም ምርመራ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ኢሲጂ። የልብ ሕመም ላለበት ወይም ስጋቱ ከፍ ላለ ሰው የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ ይጨመራል። አንድ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች። ለካንሰሩ በተነሱት የደረት ሲቲ ስካን ላይ፣ በልብ ደም ስሮች ግድግዳ የተጋገረ ካልሲየም ካለ ሊታይ ይችላል። ሁሉም ዓይኑ ዕጢው ላይ ስለሆነ ይቺ ነገር ሳትነሳ ልትቀር ትችላለች። «ሲቲው ላይ የልብ ደም ስሬ ካልሲየም ይታያል?» ብለው ይጠይቁ። ካለ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ያስፈልግዎት እንደሆነ ያነጋግሩ።

2. የዕቅዱን ቀን እንደ ተራ ቀጠሮ አይዩት

ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ለዕቅድ ብቻ የሚያገለግል ሲቲ ይነሳሉ። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዎ ይተኛሉ። እጅዎ ከራስዎ በላይ ይሰቀላል፤ ትከሻውን ለሚያመው ሰው ፈተናዋ ይቺ ናት፤ ካመመዎት ዝም አይበሉ። ቆዳዎ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ሊደረግ ይችላል። በየቀኑ በአንድ ዓይነት አኳኋን የሚያስተኙዎት በእሷ ምልክት ነው። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው «ይሳቡ… ይያዙ… ይልቀቁ» የሚል ድምፅ ሊሰሙ ይችላሉ።

ይሄ ትንፋሽ መያዝ የዋዛ ነገር አይደለም። በረጅሙ ሲስቡ ሳንባ በአየር ይሞላል፣ ልብ ወደ ታች ይወርዳል። እንደ ዕጢው ቦታ ጨረሩ ከልብ ራቅ ብሎ እንዲያልፍ መንገድ ሊከፍት ይችላል። ሐኪምዎ ይሄን ካሰበ ቤት ውስጥ ይለማመዱ። በጀርባዎ ተኝተው፣ እጅዎን ከራስዎ በላይ አድርገው፣ 20 ሰከንድ ያህል ለመያዝ ይሞክሩ። ካቃተዎትም አይጨነቁ። ሳንባው የታመመ ሰው ትንፋሽ መያዝ ቢያቅተው አይገርምም፤ እየተነፈሱ ሳለ የዕጢውን እንቅስቃሴ የሚቀርጽ ሲቲም አለ።

3. ልብዎ ላይ ስለሚያርፈው የጨረር መጠን በቁጥር ይጠይቁ

የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። ካንሰሩ በደረት መሃል ወዳሉ ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) ሲዛመት፣ ቀዶ ሕክምናም የማይሆንለት ሲሆን የተለመደው መጠን 60 ግሬይ ነው። በቀን 2 ግሬይ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 6 ሳምንት። ዕጢው ትንሽና ያልተዛመተ ከሆነ ግን በጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ከፍ ያለ መጠን የሚሰጥበት መንገድ አለ።

«ታዲያ ለምን ጨምረው አይሰጡኝም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ተሞክሯል። ውጤቱ በ2015 የታተመው አርቲኦጂ 0617 የተባለ ጥናት 60 ግሬይን ከ74 ግሬይ ጋር አወዳደረ። ብዙው የሚያሸንፍ ይመስል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። 60 የወሰዱት ግማሾቹ በሕይወት የቆዩት ከ28 ወር በላይ ሲሆን፣ 74 የወሰዱት ግማሾቹ ግን 20 ወር ገደማ ብቻ ነው። ከልዩነቱ ጋር ከተያያዙት ነገሮች አንዱ ልብ ላይ ያረፈው ጨረር ነበር። የጨረር ሐኪሞች በሳንባ ካንሰር ስለ ልብ አጥብቀው ማውራት የጀመሩት በአብዛኛው ከዚህ ወዲህ ነው።

ዕቅዱ ሲያልቅ እኔ ብሆን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ልቤ በአማካይ ስንት ግሬይ ያገኛል? ከልብ ፊት ለፊት ወደ ታች የሚወርደው ትልቁ የደም ስርስ? ይሄን ዝቅ ማድረግ የሚችል ሌላ ዘዴ አለ? የጨረሩን ኃይል ከየአቅጣጫው እየመጠነ የሚልክ ዘዴ ልብን በደንብ ሊቆጥብ ይችላል፤ ፕሮቶን የተባለው ሌላ ዓይነት ጨረር ባለበት ቦታ እሱም አማራጭ ሊሆን ይችላል። ግን ጥያቄው ድርድር መሆኑን ይወቁ። ከልብ ላይ የተቀነሰ ጨረር ወደ ሳንባ ወይም ወደ ምግብ ቧንቧ ሊሄድ ይችላል። ዕጢው ልብ ላይ ተለጥፎ ከሆነም ሐኪሙ ዕጢውን ግማሽ ትቶ ልብን አያድንም። ልክም ነው።

4. በሕክምናው ሳምንታት

መድኃኒትዎን አያቋርጡ። ሲጋራ ያቁሙ፤ «ከአሁን በኋላ ምን ዋጋ አለው» የሚለው ሰበብ እዚህ ጋ አይሠራም። አቅምዎ የፈቀደውን ያህል በየቀኑ ይራመዱ።

አንዲት ወጥመድ ግን አለች። ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጉሮሮ ሊቆስልና መዋጥ ሊያስቸግር ይችላል። ሰውየው መብላትና መጠጣት ይቀንሳል፣ ክብደቱ ይወርዳል፣ የደም ግፊት ክኒኑን ግን እንደ ድሮው ይውጣል። ከዚያ ከአልጋ ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል። እንዲህ ከሆነ ክኒኑን በራስዎ አይተዉ። ግፊትዎን ያስለኩና መጠኑን ሐኪም ያስተካክለው።

5. «የሳንባው ነው» ብለው አይለፉ

ትንፋሽ ሲያጥር ሁሉም ነገር በሳንባው ይሳበባል። ከጨረር በኋላ ባሉት ወራት በጨረሩ ምክንያት ሳንባ ሊቆጣ መቻሉ እውነት ነው፤ ደረቅ ሳልና ትኩሳት ያመጣል። ነገር ግን ጋደም ሲሉ የሚብስና ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሲቀመጡ የሚቀል የደረት ውጋት ከልብ ሽፋን ሊሆን ይችላል። እግር ማበጥ፣ ማታ ለመተንፈስ ትራስ መደራረብ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደት መጨመር የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል። ያለ ሥርዓት የሚደልቅ ልብም በኢሲጂ መታየት አለበት። ደረት ጨምድዶ ከያዘ፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከጨረሩ በኋላ ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ መድኃኒት) ከተጀመረልዎት ደግሞ፣ አልፎ አልፎ የልብን ጡንቻ ሊያስቆጣ ስለሚችል አዲስ ምልክት ሲያዩ በዚያው ቀን ይደውሉ።

6. ሲጨርሱ ወረቀቱን ይዘው ይውጡ

የልብ ጉዳት ከ10 ዓመት በኋላ ብቻ የሚመጣ ይመስለን ነበር። በሳንባ ካንሰር ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታትም ይታያል። ስለዚህ ደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታዩ።

የመጨረሻው ቀን ላይ የሕክምናውን ማጠቃለያ ይጠይቁ። ጠቅላላው ስንት ግሬይ እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደተሰጠ፣ በየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ልብዎ በአማካይ ስንት እንዳገኘ የሚል። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ ለአንድ የቤተሰብ ሰውም ይላኩለት። ከዓመታት በኋላ ደረትዎን ይዘው ማታ ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ፣ የሚቀበልዎት ተረኛ ሐኪም ጨረር መውሰድዎን ፊትዎን አይቶ ሊያውቅ አይችልም።